ሜዳሊያ የሌለው ሯጭ

በአያቶቻችን ዘመን የተከበረ ሰው አይሮጥም ነበር። ሩጫ ለሕፃን፣ ለመልእክተኛና ለሌባ የተተወ ነገር ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጨዋ ሰው ዝናብ ቢመጣበት እንኳ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ እርምጃውን ያጠነክር እንደሆነ ነው እንጂ በአደባባይ እግሬ አውጪኝ አይልም። ድንገት ሲሮጥ የታየ እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን መጣ? ማን ሞተ?» እያለ ከደጁ ብቅ ይላል። እርጋታ የክብር፣ ጥድፊያ የቅሌት ምልክት ነበር።

ዛሬ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ወይም ከኮተቤ አልፈህ ከካራ በላይ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ዳር ቆመህ ብትመለከት፣ ነገሩ ፈጽሞ እንደ ተለወጠ ትረዳለህ። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በአንድ ረድፍ ሆነው የፊተኛውን ተረከዝ የኋለኛው እየተከተለ፣ በዛፎቹ መካከል የሚጠማዘዙ ወጣቶች ያልፋሉ። እነዚህ ሩጫ ሥራቸው የሆነ፣ ወይም ሥራቸው እንዲሆን የሚመኙ ናቸው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ይመጣል፤ የባንክ ገንዘብ ተቀባዩ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ያለው ነጋዴ፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ። እያለከለኩ፣ እየሳቁ፣ አንዳንዴም ወገባቸውን ይዘው እየቆሙ ዳገቱን ይወጣሉ። ማንም «ምን መጣ?» ብሎ አይጠይቃቸውም።

ስለዚህ ለውጥ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። የምኖረውም የማስተምረውም በየካ ክፍለ ከተማ ስለሆነ፣ የሩጫው ነገር ደስታውም ጭንቀቱም በየጊዜው የክፍሌን በር ያንኳኳል።

አንድ ስፖርት ከጥቂቶች ወደ ብዙዎች እንዴት እንደሚተላለፍ ለመመልከት፣ ለአንድ አፍታ ከእንጦጦ ወርደን ወደ በረዶ አገር እንሂድ። በምዕራባውያን ዘንድ «ስኖውቦርድ» የሚባል ጨዋታ አለ፤ ሰው ሁለት እግሩን በአንዲት ሰሌዳ ላይ አስሮ፣ በጎኑ ቆሞ፣ በረዶ የለበሰውን ተራራ ቁልቁል የሚንሸራተትበት ነው። ይህ ጨዋታ የተጀመረው በትልቅ ስታዲየም አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ሸርማን ፖፐን የሚባል መሐንዲስ ሁለት የበረዶ መንሸራተቻዎችን አጋጥሞ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራላቸው። ነገሩ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ተዛመተ። በ1980ዎቹ ብዙዎቹ የመንሸራተቻ ሥፍራዎች ባለቤቶች እነዚህን ጎረምሶች ሥርዓት እንደሌላቸው ቆጥረው በራቸውን ዘጉባቸው። ልጆቹ ግን አልተዉም። በ1998 በጃፓን ናጋኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታው ከታላላቆቹ ጋር ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ በ2006፣ በ2010ና በ2018 ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ሾን ዋይት፣ በ2018ና በ2022 ያሸነፈችው ክሎይ ኪም ተነሡ፤ ዓለምም ስማቸውን አጠና።

ቅደም ተከተሉን ልብ በል። በመጀመሪያ የልጆች ጨዋታ፣ ቀጥሎ የብዙ ሰው ልማድ፣ በመጨረሻ ኮከብ። ዛፉ ከሥሩ ተነሥቶ ወደ ላይ አደገ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን የሩጫ ዛፍ በቅድሚያ የታየው ጫፉ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ብዙ ሳምንት ሳይቆይ፣ በቶኪዮ ድሉን ደገመው፤ ከእርሱ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ተከተለው። በ1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ የ5,000ና የ10,000 ሜትር ወርቅ አጣመረ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር አሸነፉ። ከእነርሱም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ መጡ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሌላው ሰው ምን ያደርግ ነበር? አብዛኛው ያጨበጭብ ነበር። በሬዲዮ ያዳምጥ፣ በቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰብ፣ በደስታ ያለቅስ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ታክሲ ተሰልፎ ቢሮው ይገባል። ተራው ሰው በብዙ ሺህ ሆኖ ራሱ ጎዳና ላይ የወጣው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲካሄድ ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት 10,000 ሰው ተሰለፈ፤ ያሸነፈውም የውድድሩ መሥራች ኃይሌ ራሱ ነበር። ከጊዜ በኋላ የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 በላይ ደረሰ። እነሆ፣ 1952ን ከ1994 ብንቀንስ 42 ይቀረናል። ኮከቡ ከሮጠበት ዓመት ሕዝቡ እስከ ሮጠበት ዓመት ያለው ቁጥር የማራቶን ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ እንደ እኔ ላለ የሒሳብ መምህር የሚያስፈግግ ነገር ነው።

ኮከብ መቅደሙ ግን ያለ ዕዳ አልሆነም። ሩጫን መጀመሪያ ያየነው በሜዳሊያ ስለሆነ፣ ያለ ሜዳሊያ ሩጫ ምን ትርጉም እንዳለው ሳንማር ብዙ ጊዜ ቆየን። በመሆኑም ዛሬ ብዙ ወጣት ሩጫን እንደ ሎተሪ ይመለከተዋል፤ ወይ ይወጣለታል፣ ወይ ዕድሜው ከንቱ ይቀራል። የጭንቀቱ ነገር ያልሁትም ይህ ነው።

በክፍሌ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለ። ሒሳብ የሚገባው፣ ሰሌዳ ላይ ሲጠራ እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ፣ መጀመሪያ ዘግይቶ መምጣት፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ መቅረት፣ በኋላም ሳምንቱን ሙሉ መጥፋት ጀመረ። ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ አይቼ ስለነበረ የት እንደሚውል ለመገመት አላስቸገረኝም። አንድ ቀን ከክፍል ሲወጣ አስቀረሁትና ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«ቲቸር፣» አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣ «በሩጫ ቤት የሠራ ሰው እኔ ላሳይዎት እችላለሁ። በሒሳብ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ እርስዎ ያሳዩኝ።»

እኔ በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት የምኖር ሰው ምን ብዬ ልመልስለት? ዝም ስል ጊዜ የሚያሾፍ እንዳይመስልበት ፈርቶ ነው መሰለኝ ቶሎ ብሎ ቀጠለ።

«እናቴ እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ ትወርዳለች። ከዚያ ጭነት ላሳርፋት ነው የምፈልገው። ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ ትችላለች ብለው ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ በምክርና በተግሣጽ የሚመለስ አይደለም። «ተማር ልጄ» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም፣ እናቱ ከሸክም በታች ላለች ልጅ መልሱ ቀጠሮው የራቀ ነው። እንዲሁ ላሰናብተው ስላልፈለግሁ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ልምምዱን ለማየት አብሬው እንደምወጣ ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ቁም ነገሬ መሆኑን ሲያይ የምንገናኝበትን ሰዓት ነገረኝ።

እንጦጦ እንዴት ያለ መምህር እንደሆነ ያን ዕለት ሳንባዬ ነገረኝ። ኮረብታው በከፍተኛው በኩል ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሲሦ ገደማ ይጎድለዋል። ሰውነት ግን ብልህ ነው፤ እጥረቱን ሲያውቅ ኩላሊት መልእክት ይልካል፣ መቅኔም ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሕዋሳት አብዝቶ ይሠራል። በከፍታ የኖረ ሯጭ ወደ ቆላ ሲወርድ እንደ ልቡ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ልብ በል፤ ይህ ስጦታ ለኮከብ ብቻ የሚታደል አይደለም። የእንጦጦ አየር የዓለም ሻምፒዮኑንና የመዝገብ ቤት ሠራተኛውን እኩል ያስለከልካቸዋል፣ ለሁለቱም እንደ ልፋታቸው ይከፍላቸዋል።

ልጁና ጓደኞቹ ሲለማመዱ አየሁ። ሯጭ ዝም ብሎ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የዳገት ቀን አለ፣ የጫካ ቀን አለ፣ የአስፋልት ቀን አለ፤ በመካከላቸው ቀስ ብሎ የሚሮጥበት ቀን አለ። በዚያ ቀን የቸኮለ ሰው በሌሎቹ ዘንድ እንደ ሞኝ ይቆጠራል። ብቻውን የሚሮጥ አይወደድም፤ አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ እግሩን ይከተላሉ፣ የመሪው ተራ ይለዋወጣል። ይህን ሳይ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደ ሄደ ገባኝ። ሰዓት አክባሪነት፣ ትዕግሥትና ሥርዓት ሁሉ እዚያ አሉ። የጎደለው ነገር የሚቀጥለውን ዓመት የሚያሳይ ሒሳብ ነው።

ስንመለስ ሴቶቹን አገኘናቸው። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅርንጫፍ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቁልቁለቱን በፍጥነት ይወርዱ ነበር። እኔ ያለ ሸክም የተንሸራተትሁበትን መንገድ እነርሱ ከነሸክማቸው ሳይደናቀፉ አለፉት። በዚህ ኮረብታ ላይ ከማንም በፊት የነበሩት፣ ከማንም በላይ የበረቱት እነርሱ ናቸው፤ ሰዓት ይዞ የለካቸው ግን የለም። ልጁ ከመካከላቸው አንዷን ዘመዱን ሰላም ሊላት ዞር አለ፤ ሸክሟንም ተቀብሏት እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሸከመላት። እኔም በዚያች ጥቂት ጊዜ የምነግረውን ነገር በልቤ አሰናዳሁ።

የነገርሁት ይህን ነው። አንደኛ፣ በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሊያሰልፍ የሚችለው ሦስት ወንድና ሦስት ሴት ብቻ ነው። በእርግጥ በውጭ አገር የጎዳና ውድድሮች አሉ፣ በአገር ቤትም ለሯጮቻቸው ደመወዝ የሚከፍሉ የመከላከያ፣ የባንክና የኤሌክትሪክ ክለቦች አሉ። ይሁን እንጂ በዚያች ማለዳ በአንድ ጫካ ብቻ ያየነውን ሰው ብንቆጥር እንኳ በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታወቃል። ይህን ለመቁጠር ሒሳብ ያስፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ ሒሳብ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ በአሰላ አካባቢ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለስ እንደነበር የታወቀ ነው። ደብተሩን በብብቱ ይዞ ስለሚሮጥ የግራ ክንዱ ታጠፍ ማለት ልማድ ሆኖበት፣ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየለት አሯሯጥ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ኃይሌ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠ እንጂ ከትምህርት ቤት አልሮጠም። በበቆጂም ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበር። ከጥቁር ሰሌዳና ከመሮጫ ሜዳ አንዱን ብቻ እንድንመርጥ ያዘዘን ማን ነው?

ልጁ ብዙ አልመለሰልኝም። «የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በጣም ማለዳ ነው፣ ቲቸር» ብቻ አለኝ። እኔም ሌሎቹን መምህራን አነጋግሬ በሳምንት ሁለት ቀን ዘግይቶ እንዲገባ፣ ያመለጠውንም ከሰዓት በኋላ እንዲያካክስ ተስማማን። ዛሬ እስከ አሁን ክለብ አልገባም፤ እናቱም ገና ከሸክሙ አላረፈችም። ግን ጭቃ በነካው ጫማው በክፍሌ ይቀመጣል፣ ፈተናውንም ያልፋል። ተረት ለሚወድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ለመምህር ግን ትንሽ አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «ካላሸነፉ መሮጥ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱን ካነሣሁት የበረዶ አገር አመጣለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በጣሊያን ቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፣ ሮቤል ተክለማርያም የሚባል የአዲስ አበባ ተወላጅ በበረዶ ላይ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ተሰልፎ 83ኛ ወጣ። 83ኛ! ሆኖም በክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየ እርሱ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላም በቫንኩቨር ተመልሶ ተሰለፈ። ወርቅ የለመደ አገር 83ኛውን ሰው ማክበር ከቻለ፣ ስፖርትን በእውነት ወዷል ማለት ነው።

ከዚያም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። የዓለም ታላቁ ሯጭ ዳግመኛ አልሮጠም፤ መወዳደርን ግን አልተወም። በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ጨዋታ በእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ፣ ተቀምጦ ማየቱን ትቶ፣ በበረዶ ላይ በሚሄድ ተንሸራታች ሠረገላ ተወዳድሮ አሸነፈ። ልጅ ሆኖ በሸዋ ተራሮች ያደገ፣ በባዶ እግሩ ሮማን የረታ ሰው፣ እግሮቹ ከከዱት በኋላ በበረዶ ላይ ደስታውን ፈለገ። ታዲያ ከኮከቡ የምንማረው የትኛውን ነው? ወርቁን ብቻ ከተማርን ለአብዛኞቻችን አይደርሰንም። ይህን ከተማርን ግን ለሁላችንም ይበቃል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ፊት የምትቀመጥ ጀማሪ ሠራተኛም ብትሆን፣ በመጻሕፍት መካከል የጎበጥህ ተማሪም ብትሆን፣ ዳገቱ የአንተም ነው። ውድ ጫማ ባትገዛ ግድ የለም፤ ደመወዛችንን እናውቀዋለን። ከአስፋልቱ ይልቅ የጫካው አፈር ለጉልበት ይራራልና በዚያ ጀምር። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ከጓደኛህ ጋር እየተነጋገርህ መሮጥ ካቃተህ ፈጥነሃልና ቀንስ፤ ዳገቱ ሲጠና በእግር መሄድ ነውር የለበትም። ጨለማው ሳይገፍ ብቻህን ወደ ጫካ አትግባ፤ የእንጦጦ ጅብ ሯጭንና መንገደኛን አይለይም። ወጣት ወንድም ወይም እህት ያለህ እንደሆነም፣ ለሩጫ ሲነሣ አትከልክለው፤ ደብተሩን ግን በብብቱ እንዲይዝ ንገረው።

አንድ ስፖርት የሕዝብ ሆነ የሚባለው ብዙ ኮከብ ስላፈራ አይደለም። መቼም አንደኛ እንደማይወጣ እያወቀ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ ማለዳ ተነሥቶ ጫማውን የሚያስር ሰው ሲበዛ ነው። የእንጦጦ ኮረብታ የዓለም ሻምፒዮኖችን ሰጥቶናል፤ ለዚህም እናመሰግነዋለን። አሁን ደግሞ ሜዳሊያ የሌላቸውን ሯጮች በብዛት ይስጠን። ከእነርሱ መካከል አንዱ ኮከብ ቢሆን እሰየው፤ ባይሆንም፣ ጤናማ መምህር፣ ሐኪም ወይም ጸሐፊ ሆኖ ይኖራል፤ ያም ለአገር ትንሽ ድል አይደለም።